ስለማይዝገው ብረትና ስለ አሲድ

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ የሳይንስ ክበባችን አንድ ድስት ነው። ድስቱ ሲገዛ ሻጩ «ይህ አይዝጌ ነው፤ ለልጅ ልጅ ይተርፋል» ብሎን ነበር። በእርግጥም ፊትን እንደ መስተዋት ያሳይ ነበር። ነገር ግን ለልጅ ልጅ ቀርቶ ለዓመቱ ፈተና እንኳ ሳይደርስ አፈሰሰ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የክበባችን አባሎች ሳምቡሳና ቦምቦሊኖ የተጠበሰበትን ዘይት ከየሻይ ቤቱ እየሰበሰብን ወደ ባዮዲዝል ለመለወጥ አሰብን። ባዮዲዝል ማለት ከዘይት ወይም ከሞራ የሚሠራ፣ የናፍጣ ሞተር የሚያንቀሳቅስ ነዳጅ ነው። ዘይቱ አዲስ ሲሆን ሜታኖልና ጥቂት ኮስቲክ ሶዳ ይበቃዋል። ብዙ ጊዜ የተጠበሰበት ዘይት ግን ተፈረካክሶ ነጻ የቅባት አሲድ ስለሚበዛበት፣ ከሶዳው ጋር ሲገናኝ ነዳጅ መሆኑ ቀርቶ ሳሙና ይሆናል። ስለዚህ አስቀድሞ በሜታኖልና በጥቂት ሰልፈሪክ አሲድ፣ ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል እያሞቁ ያንን የቅባት አሲድ መለወጥ ያስፈልጋል። አሲዱንና ሜታኖሉን የሚነኩት መምህራችን ብቻ ነበሩ፤ የእኛ ድርሻ ሙቀቱን እያነበቡ መጻፍ ነበር።

ለሦስተኛ ጊዜ ሠርተን ዘይቱን በውሃ ካጠብነው በኋላ የፋሲካ ዕረፍት ደረሰ። አሲድ ያለበት ውሃ ከታች፣ ዘይቱ ከላይ እንደተኛ ክዳኑን ገጥመን ሄድን። ከ2 ሳምንት በኋላ ስንመለስ ከድስቱ ሥር ያለውን ሲሚንቶ ርሶና ተበልቶ አገኘነው። ውሃው የወጣው አንድ በያጅ ከታች በኩል የመክፈቻ ቧንቧ ከበየደልን ቦታ አጠገብ ነበር። የሚያስገርመው ግን ከራሱ ከብየዳው አልነበረም፤ ከብየዳው 3 ሚሊሜትር ያህል ራቅ ብሎ እንደ ስንጥቅ ባለ ቀጭን መስመር ነበር። በውሃው ውስጥ ሜታኖል ነበረበት፤ ሜታኖል መርዝ ነው፣ ንጹሑም እንደ ቤንዚን ይቀጣጠላል። በዚያው ክፍል ጥግ ደግሞ የቡታ ጋዝ ምድጃ ይቀመጥ ነበር። ማንም አልተጎዳም። መምህራችን ግን ፊታቸው ተለዋውጦ መስኮቱን ሁሉ ከፈቱና «ይህ ለምን እንደሆነ ሳታውቁ ሌላ ድስት አይገዛም» አሉን። እኔም ፈልጌ ያገኘሁትን እነሆ እጽፋለሁ።

አስቀድመን ብረት ለምን እንደሚዝግ እንመልከት። ብረት ከምድር ሲወጣ ከኦክሲጅን ጋር ተጣምሮ የሚገኝ ማዕድን ነው። በእቶን ውስጥ ኦክሲጅኑን ነጥቀን ብረት እናደርገዋለን፤ እርሱ ግን ወደ ቀድሞ ወዳጁ መመለስን አይተውም። ዝገት ማለት ይኸው መመለሱ ነው። የተራ ብረት ዝገት ልልና ተፈርፋሪ ስለሆነ ከሥሩ ያለውን ብረት አይሸፍንለትም፤ ውሃና አየር በውስጡ እያለፉ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። አሲድ ባለበት ደግሞ ነገሩ ይፋጠናል። የአሲዱ ሃይድሮጅን አዮኖች ከብረቱ ኤሌክትሮን ወስደው የሃይድሮጅን ጋዝ ሆነው ይወጣሉ፤ ኤሌክትሮኑን ያጣውም ብረት በፈሳሹ ውስጥ ይሟሟል። ይህን ለማየት ቤተ ሙከራ አያሻም። በድሮው የብረት ቢላዋ ሎሚ የቆረጠ ሰው ስለቱ ወዲያው ሲጠቁር አይቷል፤ ንጹሕ ሚስማር በሎሚ ጭማቂ ውስጥ ያሳደረ ሰውም ጥቃቅን አረፋ ሲይዝ ያየዋል።

አይዝጌው ብረትስ በምን ይለያል? በውስጡ ክሮሚየም የሚባል ንጥረ ነገር ስላለ ነው፤ መጠኑም ቢያንስ ከመቶ 10.5 እጅ መሆን አለበት። ክሮሚየም ከብረት ይልቅ ኦክሲጅንን ይወድዳል። አየር ሲነካውም በብረቱ ፊት ላይ፣ በፈላ ወተት ላይ እንደሚጋገረው ስልባቦት ያለ ስስ ሽፋን ይሠራል። ይህ ሽፋን ከ1 እስከ 3 ናኖሜትር ብቻ ይወፍራል፤ አንድ ናኖሜትር የአንድ ሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ክፍል ነው። እንግዲህ ያ ሁሉ ጋንና ቧንቧ የሚጠበቀው በዓይን በማይታይ ቆዳ ነው ማለት ነው። ቆዳው ቢጫር ወዲያው ራሱን ይጠግናል፤ ለመጠገን ግን ኦክሲጅን ያስፈልገዋል። ይህችን የመጨረሻ ቃል አንባቢ ያስታውስልኝ፤ ወደ ድስታችን ስንመለስ ትጠቅመናለች።

ሰዎች ይህን ያወቁት በአንድ ቀን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1836 ክርስቲያን ሾንባይን የተባለ ኬሚስት፣ ተራ ብረት በቀጭን ናይትሪክ አሲድ ውስጥ ሲሟሟ፣ በጠንካራው ናይትሪክ አሲድ ውስጥ ግን ምንም ሳይሆን እንደሚቀመጥ አስተውሎ ይህን ጠባይ የሚጠራበትን ስም አወጣለት። ታላቁ ፋራዴይም ከእርሱ ጋር ደብዳቤ እየተጻጻፈ ምክንያቱን ለመፈለግ ደክሟል። ከዚያም አስቀድሞ በ1821 ፒየር በርትዬ የተባለው ፈረንሳዊ ክሮሚየም የተቀየጠበት ብረት አሲድን እንደሚቋቋም ተመልክቶ ነበር። በ1912 በጀርመን አገር በኤሰን ከተማ በክሩፕ ፋብሪካ ቤኖ ሽትራውስና ኤድዋርድ ማውረር ኒኬልና ክሮሚየም ያለበትን ብረት ሠሩ። በ1913 ደግሞ በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ ሃሪ ብሪርሊ ቶሎ የማያልቅ የጠመንጃ አፈሙዝ ሲፈልግ ከመቶ 12.8 እጅ ክሮሚየም ያለበት ብረት አቀለጠ። በማይክሮስኮፕ ለመመርመር በአሲድ ሊበላው ቢሞክር ብረቱ እምቢ አለው፤ በኮምጣጤና በሎሚ ጭማቂም ሞክሮት አልጠቆረለትም። ብሪርሊ የብረት አቅላጭ ልጅ ሲሆን ትምህርቱን በ12 ዓመቱ ትቶ ሥራ የገባ ሰው ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን «ሊመረመር የማይቻል መጥፎ ብረት» ብሎ ይጥለው ነበር፤ እርሱ ግን ቢላዋ አሠራበት።

አሁን ወደ አሲዶቹ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። «አሲድን ይችላል» የሚል ቃል ብቻውን ትርጉም የለውም። የትኛውን አሲድ? ምን ያህል የጠነከረ? ምን ያህል የሞቀ? ናይትሪክ አሲድ ራሱ ኦክሲጅን ሰጪ ስለሆነ የአይዝጌውን ቆዳ ያበረታለታል እንጂ አይጎዳውም። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ግን ቆዳውን የሚቀድ ጠላቱ ነው፤ የተለመዱት አይዝጌ ብረቶች ሁሉ ከእርሱ ጋር አይስማሙም። ሰልፈሪክ አሲድ በመካከል ያለ፣ ጠባዩ የሚለዋወጥ ነው። ከመቶ 93 እጅ በላይ የሆነው ቀዝቃዛ ሰልፈሪክ አሲድ በተራ የብረት ታንከር ውስጥ ይከማቻል፤ በብረቱ ፊት ላይ የብረት ሰልፌት ሽፋን ስለሚሠራ ነው። ውሃ ሲጨመርበት ግን ያ ሽፋን ይሟሟና ተራውን ብረት ክፉኛ ይበላዋል። ውሃ የጨመርንበት አሲድ ደከመ ብለን እናስባለን፤ ለብረት ግን ብዙ ጊዜ ነገሩ ተቃራኒ ነው።

የእኛም የመጀመሪያው ስሕተት ይኸው ነበር። አሲዱ በሜታኖልና በዘይት ውስጥ ሳለ ውሃው ጥቂት ስለነበረ ብረቱን እምብዛም አልነካውም። ዘይቱን በውሃ ስናጥብ ግን አሲዱ ወደ ውሃው ገባ፤ ውሃውም ከበድ ስለሚል ወደ ታች ወርዶ ተኛ። ከላዩ ዘይት፣ ከዘይቱም በላይ የተገጠመ ክዳን አለ። አየር ከየት ይምጣ? ቆዳው በተጎዳ ቁጥር የሚጠግንበት ኦክሲጅን አጣ። 2 ሳምንት ሙሉ ሳይነቃነቅ፣ አየር ሳያገኝ፣ ቀጭን ሰልፈሪክ አሲድ ለብሶ ተቀመጠ ማለት ነው።

ይህ ግን ሁሉን አይገልጽም፤ ድስቱ በሙሉ ሳይሆን ከብየዳው አጠገብ ብቻ ለምን ተበላ? አጎቴ በያጅ ስለሆነ ቁራጩን ወስጄ አሳየሁት። ገና ሲያየው «ይህማ ካርቦኑ ነው» አለኝ። ነገሩን በኋላ ከመጽሐፍ አረጋገጥሁት። ብረቱ ከ450 እስከ 850 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ሲቆይ በውስጡ ያለው ካርቦን ክሮሚየሙን እየሳበ በብረቱ ቅንጣቶች ድንበር ላይ ከእርሱ ጋር ይጣመራል። ድንበሩ አጠገብ ያለው ቦታም ለም አፈሩ እንደታጠበ ማሳ ክሮሚየም አልባ ሆኖ ይቀራል፤ ቆዳ ማብቀል አይችልም። አሲዱም ያንን ድንበር ተከትሎ ይገባል። ብየዳው ራሱ ቀልጦ ፈጥኖ ይቀዘቅዛል፤ ከእርሱ ጥቂት ሚሊሜትር ራቅ ያለው ቦታ ግን በዚያ ክፉ ሙቀት ውስጥ ይዘገያል። እንግዲህ 3 ሚሊሜትሩ በአጋጣሚ የመጣ አልነበረም።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ካርቦኑ ከመቶ 0.03 እጅ የማይበልጥ ብረት መግዛት ነው። ይህ ዓይነቱ ከቁጥሩ በኋላ ኤል የሚል ፊደል ይጻፍበታል፤ 304 ኤል፣ 316 ኤል እንደማለት ነው። አጎቴ ሌላም ነገር ጨመረልኝ። ከብየዳ በኋላ ብረቱ ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ሰማያዊና ቢጫ ቀለም ይቀራል። ሰው ውበት ይመስለዋል፤ ነገር ግን ከሥሩ ያለው ብረት ክሮሚየሙ የተመናመነ ነው። ይህ በልዩ የአሲድ ቅባት መነሣት አለበት፤ ቅባቱ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ስላለበት ሥጋንና አጥንትን የሚጎዳ ነውና ያልሠለጠነ ሰው አይንካው። ተራ ብረት የተፈተገበትን የሽቦ ብሩሽ በአይዝጌ ላይ መጠቀምም ክልክል ነው። ብሩሹ የሚተወው የብረት ብናኝ ይዝግና ቆዳውን ያበላሻል። በእኛ ድስት ላይ ቀለሙም፣ የብሩሹ ጭረትም ሁለቱም ነበሩ።

ድስቱን ስንገዛ በማግኔት ፈትነነው ነበር። «ማግኔት ካልያዘው ጥሩ አይዝጌ ነው» የሚለው አባባል በገበያ ሁሉ ይነገራል። እኔም አምኜበት ነበር፤ አሁን ግን እስቃለሁ። ከመቶ 18 እጅ ክሮሚየምና 8 እጅ ኒኬል ያለበት 304 ማግኔት አይዘውም። ከ2 እስከ 3 እጅ ሞሊብዴነም የተጨመረበት 316ም አይዘውም። ኒኬሉ ተቀንሶ በማንጋኒዝ የተተካበት ርካሹ 201ም እንዲሁ አይዘውም። ስለዚህ ማግኔቱ ሦስቱን ሊለይ አይችልም። በተቃራኒው ኒኬል የሌለበት 430 ማግኔት ይስበዋል፤ ይሁን እንጂ እርሱም አይዝጌ ነው። ቁጥሩን የሚገልጽ የፋብሪካ ወረቀት ወይም የኬሚካል ምርመራ ከሌለ በዓይንና በማግኔት መግዛት መገመት ብቻ ነው።

በትልልቅ ፋብሪካዎች ይህ ጥያቄ ምን እንደሚመስል ጥቂት ልናገር። በአገራችን በፊንጫና በመተሐራ የስኳር ፋብሪካዎች ከስኳር የሚተርፈው ሞላሰስ ወደ ኤታኖል ተለውጧል፤ እ.ኤ.አ. በ2008ም በአዲስ አበባ 5 እጅ ኤታኖል ከቤንዚን ጋር እየተቀላቀለ መሸጥ ተጀምሮ ነበር። ሥራው በመሠረቱ አረቄ ከሚያወጡ እናቶቻችን ሥራ የተለየ አይደለም፤ ድፍድፉ ይብላላል፣ ከዚያም በእሳት ይወጣል። አረቄ አውጪዋ ድፍድፉ ሲኮመጥጥ በምላሷ ታውቀዋለች፤ ፋብሪካው በፒኤች ይለካዋል። እርሾው በሚሠራበት ጊዜ ፒኤቹ ከ4 እስከ 5 ያህል ነው፤ ክፉ ባክቴሪያ እንዳይገባም ሰልፈሪክ አሲድ ይጨመርበታል። ለዚህ ያህሉ 304 ይበቃል። ችግሩ አገዳው ከመሬት ሲጠጣው የኖረው ጨው ነው። ስኳሩ ሲወጣ ጨው በሞላሰሱ ውስጥ ይከማቻል፤ ከጨውም ክሎራይድ የሚባለው ክፍል የአይዝጌውን ቆዳ በአንድ ነጥብ ላይ ይበሳዋል። በተበሳው ጉድጓድ ውስጥ የሚሟሟው ክሮሚየም ውሃውን ይበልጥ አሲድ ያደርገዋል፤ አሲዱ ጉድጓዱን ያጠልቃል፤ የጠለቀው ጉድጓድም ሌላ ክሎራይድ ይስባል። ውጭው እያብለጨለጨ ውስጡ እንደ ነቀዝ የበላው ባቄላ ይሆናል። ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ሲያልፍና ብረቱ ተወጥሮ ሲገኝ ደግሞ 304ና 316 ድንገት የመሰንጠቅ አደጋ አለባቸው።

መሐንዲሶች ይህን የመበሳት ነገር ለማመዛዘን ቀላል ሒሳብ አላቸው። የክሮሚየሙን እጅ ይወስዱና የሞሊብዴነሙን 3.3 ጊዜ፣ የናይትሮጅኑን 16 ጊዜ አባዝተው ይደምሩበታል። 304 በዚህ ሒሳብ 18 ያህል ያገኛል። 17 እጅ ክሮሚየምና 2 እጅ ሞሊብዴነም ያለበት 316 ደግሞ 17 ሲደመር 6.6፣ ማለት 23.6 ይሆናል። 22 እጅ ክሮሚየም፣ 3 እጅ ሞሊብዴነምና 0.17 እጅ ናይትሮጅን ያለበት 2205 ወደ 34.6 ይደርሳል። ከፍ ያለው ቁጥር ክሎራይድን የበለጠ ይችላል። ሒሳቡ ግን ስለ መበሳት እንጂ በአሲድ ስለ መሟሟት አይናገርም፤ ሁለቱን ማደባለቅ ስሕተት ነው።

የአገዳውን ገለባ፣ የእንጨትን ፍርፋሪ ወይም የበቆሎ አገዳ ወደ ኤታኖል ለመለወጥ ሲፈለግ ነገሩ ይከብዳል። የገለባው ስኳር በጠንካራ ጭረት ውስጥ ስለታሠረ፣ ከመቶ 1 እጅ ያህል ሰልፈሪክ አሲድ ባለበት ውሃ ከ140 እስከ 200 ዲግሪ በግፊት ይቀቀላል። አንድ እጅ ብቻ መሆኑ አያታልለን፤ በዚያ ሙቀት 316 ኤል አይበረክትም። ለዚህ ሥራ በኒኬል ላይ የተመሠረቱ ቅይጦች ወይም ዚርኮኒየም ያስፈልጋሉ፤ እነዚህም ውድ ስለሆኑ ጋኑን በተራ ብረት ሠርተው ውስጡን ብቻ ይለብጡታል። ከገለባ የሚወጣው ነዳጅ እንዲወደድ ከሚያደርጉት ምክንያቶች አንዱ ይህ የጋኑ ዋጋ ነው። እንጨትን አየር በሌለበት ወደ 500 ዲግሪ አሙቀው ጢሱን ፈጥነው በማቀዝቀዝ የሚያገኙት ጥቁር ዘይትም አለ። ይህ ዘይት የኮምጣጤና የፎርሚክ አሲድ ስላለበት ፒኤቹ 2 ወይም 3 ነው፤ ከመቶ ከ15 እስከ 30 እጅም ውሃ ነው። ተራው ብረት በእርሱ ይበላል፤ 304ና 316 ግን እምብዛም ሳይሞቅ የተከማቸውን ይችሉታል።

ብረት ምን ያህል እንደተበላ የሚለካው በዓመት በሚሊሜትር ነው። በዓመት 0.1 ሚሊሜትር ብቻ የሚቀንስ ብረት ለብዙ ሥራ ደህና ይባላል፤ 3 ሚሊሜትር የሚወፍር ጋን እኩል ቢበላ 30 ዓመት ይቆያልና። እኛም በአዲሱ ድስት ላይ ይህን ለመለካት አሰብን። መምህራችን ፈቅደው ወረቀት ያለው 316 ኤል ተገዛ፤ ብየዳውንም አጎቴ ሠራው፤ ቀለሙም በሚገባ ተነሣ። ከዚያው ብረት የተቆረጠ፣ 5 በ2 ሴንቲሜትር የሆነ ቁራጭ በድስቱ ውስጥ በክር አንጠለጠልን። ሁለቱ ፊት 20 ካሬ ሴንቲሜትር ይሆናል። ከአንድ ኮሌጅ ቤተ ሙከራ ሚዛን ለምነን ከመግባቱ በፊትና ከ720 ሰዓት በኋላ መዘንነው፤ 13 ሚሊግራም ጎድሎ ተገኘ። ሒሳቡ እንዲህ ነው፤ የጎደለው ሚሊግራም በ87.6 ይባዛል፤ ከዚያም ለጥግግቱ፣ ለስፋቱና ለሰዓቱ ብዜት ይካፈላል። የብረቱ ጥግግት 8 ነው። 13 ጊዜ 87.6 ማለት 1138.8 ነው፤ 8 ጊዜ 20 ጊዜ 720 ደግሞ 115,200 ነው። ሲካፈል በዓመት 0.01 ሚሊሜትር ያህል ይመጣል።

ውጤቱን ስናይ አጨበጨብን። አጎቴ ግን አላጨበጨበም። ቁራጩ በሁሉም ወገን ፈሳሽና አየር እያገኘ ተንጠልጥሎ እንደነበር፣ በመክፈቻው ጎሚኒ ሥር ባለው ጠባብ ክፍተት ግን አየር እንደማይደርስና ሚዛናችን እዚያ የሚሆነውን እንደማይነግረን አሳሰበን። ስለዚህ የማጠቢያው ውሃ አሁን በዚያው ዕለት ይደፋል፤ የተረኛው ሥራም ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቡሎኑን ፈትቶ ከጎሚኒው ሥር በመብራት መመልከት ነው። ባለፈው ዓርብ ተረኛው እኔ ነበርሁ፤ ነቁጥ አላገኘሁበትም።